አሮጌ ባለ 250 ዋት የሶላር ፓኔሎች ላይ አዲስ ባለ 450 መጨመር፦ በአንድ ኮንትሮለር ወይስ በሁለት?

ጣሪያ24
ሰላም ለሁላችሁ። ጣሪያ ላይ ስድስት ባለ 250 ዋት ፓኔሎች አሉ፤ ሁለት ሁለቱ በሲሪየስ (ተከታትለው፣ ቮልታቸው ተደምሮ)፣ ሦስቱ ጥንዶች ደግሞ በፓራለል (ጎን ለጎን፣ አምፔራቸው ተደምሮ) ታስረዋል። ጀርባቸው ላይ ቪኦሲ (ምንም ሳይያያዝበት ያለው ቮልት) 37.6፣ ቪኤምፒ (ሙሉ ኃይል ሲሰጥ ያለው ቮልት) 30.5፣ አይኤስሲ (ሁለቱ ጫፎች በቀጥታ ሲገናኙ የሚሄደው አምፔር) 8.7፣ አይኤምፒ (ሙሉ ኃይል ሲሰጥ ያለው አምፔር) 8.2 ይላል። ከፓኔሎቹ ተቀብሎ ባትሪውን የሚሞላው ኮንትሮለር ኤምፒፒቲ (ፓኔሎቹ ከፍተኛ ኃይል የሚሰጡበትን ቮልት እየፈለገ የሚሠራ) ነው፤ ከፓኔል እስከ 150 ቮልት ይችላል፣ ለባትሪ እስከ 60 አምፔር ይሰጣል። ባትሪው 24 ቮልት፣ 400 አምፔር ሰዓት ሊድ አሲድ። ሁለት ባለ 450 ዋት ልጨምር ነው፦ ቪኦሲ 49.3፣ ቪኤምፒ 41.5፣ አይኤስሲ 11.6፣ አይኤምፒ 10.85። የድሮዎቹን ዓይነት ማግኘት አልተቻለም። እንዴት ቢታሰሩ ነው ኪሳራው የሚያንሰው?

ኤምፒፒቲ_ወዳጅ
ዋቱን ለጊዜው ተወው፤ የሚገጥመውና የማይገጥመው በቮልትና በአምፔር ነው የሚታወቀው። በሲሪየስ ሲታሰሩ አምፔሩን የሚወስነው ደካማው ፓኔል ነው። አዲሱን ከአሮጌው ጋር በሲሪየስ ካሰርከው 10.85 መስጠት የሚችለው 8.2 ላይ ይታነቃል፤ 450 ዋት ከፍለህ 350 ገደማ ታገኛለህ። በፓራለል ደግሞ ቮልታቸው መቀራረብ አለበት። የአሁኑ ጥንድህ 61 ቮልት ላይ ይሠራል፤ ሁለቱ አዲሶች በሲሪየስ 83 ናቸው። እንዲህ ከተገናኙ ኮንትሮለሩ ወደ 61 ይጎትታቸዋል፤ ከ900ው ዋት 200 ያህሉ ይባክናል።

ደግነቱ አሮጌዎቹ ስድስት ናቸው። ሦስት ሦስት አድርገህ በሲሪየስ እሰራቸው፤ 91.5 ቮልት ይሆናሉ። ከ83 ጋር ልዩነቱ 10 በመቶ ገደማ ስለሆነ ኮንትሮለሩ መሀል ላይ ይቆማል፣ የሚጠፋውም ጥቂት ነው። ቪኦሲው 112.8 ይሆናል። ፓኔል ከ25 ዲግሪ በታች በቀዘቀዘ ቁጥር ቪኦሲው በየዲግሪው 0.3 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በ0 ዲግሪ 121 ገደማ ማለት ነው፣ ከ150 በታች ነው። አራት በሲሪየስ እንዳታስብ፤ በ25 ዲግሪ እንኳ 150.4 ነው። ኮንትሮለር የሚቃጠለው በብርዳማ ጥዋት፣ ፀሐይ ገና ብቅ ስትል ነው።

ገመድና_ፊውዝ
ሦስት ሦስት መሆኑ ልክ ነው፤ አዲስ ፓኔል ባይጨመርም እንኳ ይጠቅማል። ከጣሪያ የሚወርደው 24.6 አምፔር ወደ 16.4 ይወርዳል፣ በገመድ ላይ የሚባክነውም ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ሦስት መስመር በፓራለል ሲሆን አንዱ ቢበላሽ የሁለቱ አምፔር ተደምሮ፣ 17.4 ሆኖ፣ ወደ እሱ ይመለሳል። ለእንዲህ ዓይነት ፓኔል የሚፈቀደው ትልቁ ፊውዝ ብዙ ጊዜ 15 አምፔር ነው፤ ጀርባው ላይ ታገኘዋለህ። ስለዚህ የአሁኑ አሠራርህም ለየመስመሩ ፊውዝ ያስፈልገዋል። ሁለት መስመር ብቻ ከሆነ የሚመለሰው 8.7 ነውና ችግር የለውም።

ሁሉንም በአንድ ኮንትሮለር ማስገባቱን ግን አልደግፍም። 60 አምፔር፣ ባትሪው ሲሞላ በሚኖረው 28 ቮልት፣ 1680 ዋት ነው፤ አንተ 2400 ልታስገባበት ነው። ቀትር ላይ አዲሶቹ ያመጡትን አብዛኛውን ይቆርጠዋል። ለሁለቱ አዲሶች የራሳቸው ባለ 40 አምፔር ኮንትሮለር ይግዙላቸው፤ ሁለቱም ኮንትሮለሮች አንድ ባትሪ ይሞላሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ባለ 100 ቮልት ኮንትሮለር ገዝቶ ሁለቱን በሲሪየስ ማሰር፦ 98.6 ስለሆነ የሚበቃ ይመስላል፣ በ0 ዲግሪ ግን 106 ይደርሳል። ወይ ባለ 150 ግዛ፣ ወይ በፓራለል እሰራቸው። በፓራለል ከሆነ ጣሪያው ሲግል ቪኤምፒው ከ41.5 ወደ 36 ቢወርድም ለ24 ቮልት ባትሪ ይበቃል። ገመዱ ግን ወፍራም ይሁን፤ 22 አምፔር ነው የሚሄድበት።

የፓኔል ገመዶቻቸውን አታቀላቅል፤ የሚገናኙት ባትሪው ጋ ብቻ ነው፣ እያንዳንዱም በራሱ ብሬከር። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የመሙያ ቮልት አስገባ። ለባትሪህ የአቅሙ 20 በመቶ፣ ማለትም 80 አምፔር ይበቃዋል። አንዱ የሌላውን ስለማያውቅ አሮጌውን 50፣ አዲሱን 30 ላይ ገድበው።

ጣሪያ24
ሁለተኛ ኮንትሮለር ይሻላል፣ ገብቶኛል። አሮጌዎቹን እንደገና ከማሰሬ በፊት ምን ልፈትሽ? አዲሶቹንስ አሮጌዎቹ በተገጠሙበት ሐዲድ ላይ ማሰር ይቻላል?

ኤምፒፒቲ_ወዳጅ
መጀመሪያ የፓኔሉን ብሬከር አጥፋ፤ ኤምሲ4 (የፓኔል ገመድ ማያያዣው) ጭነት ላይ እያለ ከተነቀለ እሳት ይተፋል። አቧራውን አጥበህ፣ ጥርት ባለ ቀትር፣ ፓኔሎቹን አንድ በአንድ ነጥለህ ቪኦሲውን በመልቲሜትር፣ አይኤስሲውን ዲሲ በሚለካ ክላምፕ ሜትር ለካ። ስድስቱንም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጨርስ፤ ደመና ካለፈ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም። ሌሎቹ 35 ሲያሳዩ አንዱ 23 ካሳየ ከሦስቱ ባይፓስ ዳዮዶች (ጥላ ያረፈበትን የፓኔል ክፍል ኤሌክትሪኩ እንዲዘለው የሚያደርጉት) አንዱ ሾርት አድርጓል ማለት ነው። ከጀርባው ያለውን ሳጥን ከፍተህ መቀየር ትችላለህ፣ ሳጥኑ በሙጫ ካልተሞላ። አምፔራቸው የሚቀራረበውን ሦስቱን በአንድ መስመር፣ ደካማ ደካማዎቹን በሌላው እሰር። አንድ መስመር ውስጥ ያሉት ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይዙሩ።

ገመድና_ፊውዝ
ለሐዲዱ፦ የፍሬሙን ውፍረት ለካ። አሮጌዎቹ 40 ሚሊ ሜትር፣ አዲሶቹ 35 ወይም 30 ከሆኑ የመሀል ክላምፑ (ሁለት ጎረቤት ፓኔሎችን ሐዲዱ ላይ የሚይዘው ብረት) አንዱን ብቻ ነው የሚይዘው፣ ሌላው በነፋስ ይላቀቃል። በየራሳቸው ጫፍ ክላምፕ፣ መሀላቸው ክፍተት ትተህ እሰራቸው። አዲሱ ወደ 2.1 ሜትር ርዝመት ስላለው ሐዲዱ ፋብሪካው በሚፈቅደው ቦታ ላይ መዋሉን እይ። የተለያየ ፋብሪካ ኤምሲ4 ደግሞ ቢገጥምም አታጋባው፤ ንክኪው ላልቶ ቀስ በቀስ ይቀልጣል። ቆርጠህ ሁለቱንም ጫፍ ከአንድ ፋብሪካ አድርግ።