በቃል የተሰጠንን ስኮላርሺፕ እንመን?

ሰላም ወገኖቼ፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ 11ኛ ክፍል ነው፤ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። ባለፈው ወር የአንድ ዲቪዥን 1 (በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) ኮሌጅ አሰልጣኝ ደውሎ «ሙሉ ስኮላርሺፕ እንሰጥሃለን» አለው። እናቴ ከአዲስ አበባ በስልክ እልል አለች።

የጨነቀኝ ነገሩ በቃል ብቻ መሆኑ ነው። እንዳነበብኩት፣ የቃል ተስፋ አሰልጣኙንም ልጁንም አያስርም። በጽሑፍ የሚሰጠው 12ኛ ክፍል ሊጀምር ሲል፣ ከኦገስት 1 ጀምሮ ነው። ፊርማው ደግሞ ኖቬምበር ላይ ነው። እስከዚያ አሰልጣኙ ሥራ ቢቀይርስ? ከሌላ ኮሌጅ የሚዛወር የበሰለ ተጫዋች ቢያገኝስ? በአንድ ቡድን ስኮላርሺፕ የሚያገኙት ቢበዛ 15 ናቸው።

አሁን «በሁለት ሳምንት መልስ ስጡኝ» ብሎናል። ልጁ ገና 16 ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ እንኳን ማደግ አላቆመም። እኔ ተቻኩሏል ባይ ነኝ። ግን እምቢ ብለን ዕድሉ ቢያመልጠውስ? እንቅልፍ አጣሁ።

በዚህ ያለፋችሁ ወላጆች እባካችሁ ንገሩኝ። «እሺ» ብሎ ሌሎች ኮሌጆችን ማነጋገር ነውር ነው? አሰልጣኙንስ ፊት ለፊት ምን ብዬ ልጠይቀው?