ስካተር፣ ዲስፐርስ፣ ዲሲፔት፦ ሁሉም «ተበተነ» ናቸውን?

ጥያቄ

ውድ የቋንቋ ወዳጆች፣ ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። በጣና ዙሪያ ለሚኖሩ አርሶ አደሮች ስለ እምቦጭ የተዘጋጀ አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ሳለ አንዱ አንቀጽ አላስኬድ አለኝ። ማዕበል የአረሙን ምንጣፍ «ብሬክ አፕ» ያደርገዋል፤ ነፋስ ቁራጮቹን «ስካተር» ያደርጋል፤ ዘሩ በውሃ «ዲስፐርስ» ይሆናል፤ የማዕበሉ ጉልበት ደግሞ በዳርቻው ደንገል ውስጥ «ዲሲፔት» ይሆናል ይላል። መዝገበ ቃላቴ ለአራቱም «በተነ» ወይም «ተበተነ» ይሰጠኛል። ጸሐፊው አራት ቃል የመረጠው ለጌጥ አይመስለኝም። ጋሼ፣ እርስዎ ብዙ ዘመን እንግሊዝኛ ያስተማሩ ስለሆኑ ቢያብራሩልኝ? ሌሎቻችሁም የምታውቁትን ጨምሩልኝ።

መልስ

ልጄ፣ ለጌጥ አይደለም። አራቱንም «ተበተነ» ብለሽ ከመለስሽ አርሶ አደሩ ዋናውን ነገር ያጣዋል። የተበተነው ነገር አሁንም አለ ወይስ የለም? ካለስ የት ነው? እኔ እነዚህን ቃላት የምለያቸው «መልሶ መሰብሰብ ይቻላል ወይ?» ብዬ እየጠየቅሁ ነው።

«ስካተር» ከተባለ ነገሩ አለ። ክፍሎቹ ያለ ሥርዓት እዚህም እዚያም ወድቀዋል፣ ቢለቀሙ ግን ይገኛሉ። ቃሉ የመሰባበር ትርጉም ካለው «ሻተር» ጋር ዘመድ እንደሆነ ይነገራል፤ ድንገተኛነቱና ግርግሩ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ጀልባ ሲጠጋቸው ከውሃው ላይ ብድግ ብለው በየአቅጣጫው የሚበሩ ወፎች የሚያደርጉት ይህንን ነው። በአማርኛ የሚስማማው ደግሞ «ተበተኑ» ከማለት ይልቅ «ተበታተኑ» ማለት ነው። ይህ ድግግሞሽ የቋንቋችን ትልቅ ሀብት ነው። እንግሊዝኛ ሌላ ቃል ፍለጋ በሚሄድበት ቦታ እኛ ከግሡ አንዱን ፊደል ደግመን ጉዳዩን እንጨርሳለን፦ ሰበረ፣ ሰባበረ፤ ቆረጠ፣ ቆራረጠ፤ በተነ፣ በታተነ። «ጦሩ ተበተነ» ሲባል ትእዛዝ ተሰጥቶት፣ ትጥቁን አስረክቦ፣ ወደየቤቱ ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን እንግሊዝኛ «ዲስባንድ» ይለዋል። «ጦሩ ተበታተነ» ሲባል ግን ሽንፈትና ሽሽት ይሰማል። በአንዲት ፊደል!

«ዲስፐርስ» ሰከን ያለ ነው። መነሻው መርጨት፣ መነስነስ የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ግሥ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ከሌላው እየራቀ ሰፊ ቦታ ይይዛል። ሰልፈኛ ወደየሰፈሩ ሲሄድ፣ የዛፍ ዘር በነፋስ ወይም በወፍ ሲጓዝ ይህን ቃል ይጠቀማሉ። ልዩነቱን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው ፊዚክስ ነው። ጢስ ዓባይ ሄደሽ በፏፏቴው ላይ ቀስተ ደመና አይተሽ ከሆነ የብርሃን «ዲስፐርሽን» አይተሻል፤ የፀሐይ ብርሃን በውሃ ጠብታ ውስጥ ሲያልፍ ቀዩ በራሱ ማዕዘን፣ ሐምራዊው በራሱ ማዕዘን ይወጣል፤ ቀለማቱ ተራቸውን ጠብቀው ይለያያሉ። «ስካተሪንግ» ግን ብርሃን ጥቃቅን ነገር እየመታ በየአቅጣጫው ሲነጥር ነው። ሰማዩ ሰማያዊ የሚመስለው የአየር ሞለኪውሎች ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ አብልጠው በዚህ መንገድ ስለሚበታትኑት ነው። የፊዚክስ ሰው አንዱን ቃል በሌላው ቦታ አይተካም። ስለዚህ ለዘሩ «ተሠራጨ» ብትይ ይሻላል።

«ዲሲፔት» ከሁሉም ይለያል፤ እዚህ ላይ የሚለቀም ነገር የለም። ጢስ እየሳሳ ሄዶ ሲጠፋ፣ ሙቀት ከጋለ ብረት ወጥቶ ሲያልቅ፣ ሕዝብ ላይ የነበረ ቁጣ ሲበርድ ይህ ቃል ይመጣል። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» የምንለው ለእንደዚህ ዓይነቱ ነው። አማርኛ በአንድ ግሥ አይወሰንም፤ ጢሱ በነነ፣ ጉሙ ተገፈፈ፣ ቁጣው በረደ፣ ጉልበቱ ባከነ ይላል። ሀብቱን በከንቱ የጨረሰን ሰውም እንግሊዞች በዚሁ ቃል ይገልጹታል፤ እኛም «አባከነ» እንላለን። ይሁን እንጂ በአንቺ አንቀጽ ውስጥ «ባከነ» እንዳትይ። ቃሉ ወቀሳ አለበት፤ የማዕበሉ ጉልበት በደንገሉ ውስጥ ማለቁ ግን ለዳርቻው ጥቅም ነው፣ አፈሩን ከመሸርሸር ያድነዋል። «ማዕበሉ ጉልበቱን ይጨርሳል» ብትይ ወቀሳው ይቀራል።

«ብሬክ አፕ» የሚፈታው በባለቤቱ ነው። ትዳር ይፈርሳል፣ ስብሰባ ይበተናል፣ ሸክላ ይሰባበራል፣ ዳቦ ይፈረፈራል። ቤቱ ፈረሰ፣ ልጆቹ ተበተኑ እንላለን እንጂ ልጆቹ ፈረሱ አንልም። የቀረው ቅሪት እንኳ የየራሱ ስም አለው፦ ፍርፋሪ ለዳቦ፣ ስብርባሪ ለሸክላ፣ ቁርጥራጭ ለጨርቅ፣ ፍርስራሽ ለግንብ። ጎርጎራ በኩል ያለውን የአፄ ሱስንዮስን ዘመን ሕንጻ «ስብርባሪ» ሲል የሰማሁት ሰው የለም። ለእምቦጩ ምንጣፍ «ተቆራረጠ» የሚስማማ ይመስለኛል።

ካልጠየቅሽኝ አንድ ልጨምር፦ «ዲስፔል» ከእነዚህ ጋር ይምታታል፤ እርሱ ግን ማባረር ነው። የሚባረረውም ፍርሃት፣ ጥርጣሬ፣ የተሳሳተ እምነት ነው። ዛሬ በየጋዜጣው «ብዥታን ማጥራት» የሚባለው ለእርሱ ጥሩ ፍቺ ነው።

ሌላ አባል

ጋሼ ባሉት በአብዛኛው እስማማለሁ፤ በሁለት ነገር ግን ልከራከር። እኔ የደምቢያ ልጅ ነኝ፤ እምቦጩን ውሃ ውስጥ ገብተን ከነሥሩ የምንጎትተው እኛ ነን። «ተቆራረጠ» ሲባል ስለት የነካው ይመስላል። ማዕበሉ የሚያደርገው መገንጠል ነው። እምቦጭ በውሃው ላይ ወደ ጎን የሚሄድ ሐረግ መሰል ግንድ አውጥቶ፣ በጫፉ ሌላ ተክል ያበቅላል። ያ ማያያዣ ሲበጠስ የተገነጠለው ክፍል አይሞትም፤ በደረሰበት ቦታ ራሱን ችሎ ይራባል። እህቴ፣ «ተቆራረጠ» ያልሽው እንደሆነ ገበሬው ጠላቱ የተዳከመ ይመስለዋል። «ተገነጠለ» ካልሽው ግን ከዛፍ ተገንጥሎ የሚተከል ቅርንጫፍ ስለሚያውቅ ሕይወት እንዳለው ይገባዋል።

ሁለተኛው ስለ ዘሩ ነው። ዘሩ ከመሠራጨቱ በፊት ይረግፋል፤ ከዚያ ወደ ታች ሰምጦ ጭቃው ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። አረሙ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ የነቀልነው ቦታ ተመልሶ አረንጓዴ ሲሆን የምናየው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ጋሼ «መልሶ ይሰበሰባል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ይህ ዘር አይሰበሰብም፣ ግን አለ። ታዲያ ከየትኛው ወገን ልንቆጥረው ነው?

መልስ

ወንድሜ፣ ይህ ከመዝገበ ቃላት የማይገኝ ነገር ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው ጥያቄው ሁለት መሆን አለበት፦ አለ ወይ? ይሰበሰባል ወይ? «ስካተር» ለሁለቱም አዎ ይላል፤ «ዲሲፔት» ለሁለቱም አይደለም ይላል፤ «ዲስፐርስ» መኖሩን ያረጋግጣል፣ ስለ መሰብሰቡ ግን ተስፋ አይሰጥም። የአንተ ዘር ያለው እዚያ ነው። «ተገነጠለ»ንም ተቀብያለሁ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንቀጹን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ «ማዕበል የእምቦጩን ምንጣፍ ይገነጣጥለዋል፤ ነፋስ ግንጣዩን በሐይቁ ላይ ይበታትነዋል። የረገፈው ዘር በውሃ እየተሠራጨ ጭቃው ውስጥ ይቀበራል፤ ሳይሞትም ዓመታት ይቆያል። ደንገል ባለበት ዳርቻ ማዕበሉ ጉልበቱን ጨርሶ ይደርሳል።» «ግንጣይ» የሚለው ቃል በደምቢያ ይታወቃል?

ሌላ አባል

በደንብ ይታወቃል፣ እህቴ፤ በፎገራ በኩልም ሲሉት ሰምቻለሁ። እንዳለ ተይው።