ስማርት ቻርጀር ባትሪ መኖሩን በምን ያውቃል?

ባለቪትዝ፦
ሰላም ወገን። ለ12 ቮልት የመኪና ባትሪ የሚሆን ስማርት ቻርጀር ገዛሁ። ሶኬት ላይ ሰክቼ ቀይና ጥቁሩን መቆንጠጫ በቴስተር ስለካ ዜሮ ነው የሚያሳየው። የድሮው፣ ያ ከባዱ ባለ ትራንስፎርመር፣ ባትሪ ኖረ አልኖረ ቮልት ይሰጥ ነበር። ተበላሽቶ ነው ወይስ ባትሪ መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ አለው? ቆሞ የከረመ ባትሪ ላይ ሳደርገውም ጭጭ ይላል።

አንቴናው፦
ደህና ነው፣ እንዳትመልሰው። የድሮው ትራንስፎርመርና ዳዮድ ብቻ ስለሆነ ምንም አያውቅም፣ ከሰካኸው ይገፋል በቃ። የስማርቱ መውጫ ግን ሪሌይ ወይም ሞስፌት (በቺፕ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ በለው) አለበት፣ ሲጀመር ዝግ ነው፣ ምንም አያሳልፍም። ውስጥ ያለችው ቺፕ መቆንጠጫዎቹ ላይ ከውጭ የመጣ ቮልት አለ ወይ ብላ ትለካለች፣ ባትሪ ደግሞ የራሱ ቮልት አለው፣ ሙሉ ሲሆን 12.6 አካባቢ። ያንን ስታይ ትከፍታለች። ገልብጠህ ካሰርከው ቮልቱ በኔጌቲቭ ስለሚመጣ አትከፍትም። መቆንጠጫዎቹ ቢነካኩም ብልጭታ የለም፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ የሊድ አሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይወጣዋል፣ እሱ ደግሞ ይፈነዳል።

ባለቪትዝ፦
እሺ፣ መሙላት ከጀመረ በኋላ ብነቅለውስ?

አንቴናው፦
የሚሄደው አምፒር በአንዴ ዜሮ ስለሚገባ ታውቃለች። አስቸጋሪው ባትሪው ሲሞላ ነው። ያኔ የሚገባው በጣም ትንሽ ስለሆነ ከተነቀለ ባትሪ ብዙም አይለይም። አንዳንዱ ቻርጀር መስጠቱን ለአፍታ አቁሞ ያያል፦ ባትሪ ካለ ቮልቱ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ከሌለ የቀረው የራሱ ካፓሲተር (ትንሽ ቻርጅ ብቻ የሚይዝ እቃ) ስለሆነ ቮልቱ ወዲያው ይወድቃል።

የጋራዥ ልጅ፦
ጭጭ የሚለው ባትሪው ባዶ ስለሆነ ነው። ቮልቱ በጣም ከወረደ ቻርጀሩ ምንም አልታሰረብኝም ነው የሚለው (ስንት ላይ እንደሚነሳ እንደየቻርጀሩ ነው፣ ማኑዋሉን እይ)። እኛ ጋ ደህና ባለ 12 ባትሪ አምጥተን በጃምፐር ኬብል ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ አገናኝተን ቻርጀሩን እንለቅበታለን። የደህናውን ቮልት አይቶ ይነሳል። ትንሽ ቆይተህ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀልና ደህናውን አንሳ፣ ከዚያ መልሰህ ሰካ። ያበጠ ወይ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን እንዳትነካው። ወራት ባዶውን የተቀመጠ ባትሪ ፕሌቱ ላይ ሰልፌት ስለሚጋገርበት ቮልት ቢያሳይም ሞተር ለማስነሳት አቅም ያጥረዋል።

ሶላር ገጣሚ፦
የሶላር ኮንትሮለርም (ከፓኔሉ ወደ ባትሪ የሚገባውን የሚቆጣጠረው) ከዚሁ ነው። 12 ይሁን 24 ብዙዎቹ የሚለዩት ከባትሪው ቮልት ስለሆነ መጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ ፓኔል ነው የሚታሰረው። ፓኔሉን የሚያስቀድም ሰው አይጠፋም፣ ከዚያ ኮንትሮለሩን ይሳደባል።

ባለቪትዝ፦
ገባኝ። አላበጠም፣ በቴስተር 3 ቮልት ይላል። የጎረቤቴን ባትሪ ለምኜ እሞክራለሁ።

የጋራዥ ልጅ፦
3 ከሆነ ተስፋው ጠባብ ነው። ሲሞላ በእጅህ ዳብሰው፣ ከጋለ ወዲያው ንቀል።