ደሴ ወይም ኮምቦልቻ መጠጥ ያቆሙ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ አለ?

አናጢው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ደሴ ሸዋበር አካባቢ ነው፤ ሙያዬ እንጨት ሥራ ነው። ጠዋት አረቄ ካልቀመስኩ እጄ እርሳስ አይዝም። ሜትር ዘርግቼ ምልክት ላደርግ ስል መስመሩ ይጠማዘዛል። ከቀመስኩ በኋላ ደግሞ ቀጥ ይላል፤ የሚያናድደኝ እሱ ነው። አሁን መላጊያውን ለረዳቴ ሰጥቼ እኔ ከደንበኛ ጋር ዋጋ ተከራካሪ ሆኛለሁ።

ጸበል ገብቻለሁ፣ ግሸንም ወጥቻለሁ። እዚያ እያለሁ ደህና ነበርኩ። ስመለስ ግን ሰፈሩም ያው፣ አረቄ ቤቷም ያቺው። መካሪ አላጣሁም፤ እናቴም፣ ንስሐ አባቴም፣ የቅሬው (የእድሩ) ዳኛም መክረውኛል። ያጣሁት «እኔንም እንዲህ አድርጎኝ ነበር» የሚለኝ ሰው ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ተሰብስበው የሚያወሩበት ቦታ የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ደሴን ታውቋታላችሁ፤ ፒያሳ ሳትደርስ ወሬህ ይቀድምሃል። ስለዚህ ኮምቦልቻም ቢሆን ሐረጎን ወርጄ እመጣለሁ። የቢራ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ለዚህ ትሆናለች ወይ እንዳትሉኝ።

የአምባሰል ልጅ፦
ጸበሉን አቋርጠህ ይሆናላ! ተመለስና ጨርስ፣ ሌላው ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው።

ነርሷ፦
የአምባሰሉ ልጅ፣ ቀስ በል እስቲ። አናጢው ወንድሜ፣ የምሠራው አእምሮ ሕክምና ክፍል ነው፤ ስብሰባው ይቆይህና መጀመሪያ ይህን ስማኝ። ጠዋት ካልጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በራሱ ጊዜ እርግፍ አድርጎ ማቆም የለበትም። ሰውነትህ ለምዶታል። ስትተወው በሰዓታት ውስጥ ላብና መንቀጥቀጥ ይጀምርሃል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥልህ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ትኩሳት፣ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል። ይሄ ሰው ይገድላል። ቤተሰብ ግን «ጋኔኑ ሲለቀው ነው» ብሎ ዳር ይቆማል።

ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ እዚያ ሂድ። ምን ያህል እንደምትጠጣና መጨረሻ የጠጣኸው መቼ እንደሆነ ሳትቀንስ ንገራቸው። እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት እየቀነሱ ይሰጡሃል፣ ቫይታሚን ቢ1 ይወጉሃል። ከፋርማሲ በራስህ ገዝተህ አትሞክረው፤ ከአረቄ ጋር ከተቀላቀለ ትንፋሽ ያቆማል። ጸበልም ከሄድክ መድኃኒትህን ይዘህ ግባ፤ አይጣሉም።

ከድር፦
አብሽር አናጢው። እኔ የወረባቦ ልጅ ነኝ፣ አሁን አዲስ አበባ ነው የምሠራው። እስላም ሆኖ መጠጣት ደግሞ ሌላ መደበቂያ ይፈልጋል፤ በሰፈሬ ወዳጃ (የዱዓ ስብስብ) ላይ አፌን በከረሜላ ሸፍኜ ዱዓ አሚን ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን አልጠጣም፤ አልሐምዱሊላህ።

እኔን የያዘኝ በስልክ የሚደረገው የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ (መጠጥ ለማቆም እርስ በርስ የሚደጋገፉ ሰዎች ማኅበር) ስብሰባ ነው፤ በዙም ትገባለህ። አንዱ ይከፍታል፣ አጭር ነገር ይነበባል፣ ከዚያ ተራ በተራ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ አይመክርም። ስም ብቻ ትናገራለህ፣ የአባት ስም የሚጠይቅህ የለም፣ ካሜራህን ብታጠፋም ማንም አይቆጣህም። ክፍያ የለውም። ሃይማኖትም አይጠየቅም፤ ማቆም መፈለግህ ብቻ ይበቃል። ብዙው በእንግሊዝኛ ነው፣ ግን መስማት ብቻም ይቻላል። ሰዓቱ እንዳያወናብድህ፦ በእንግሊዞቹ የብርድ ወራት ለንደን ቀትር 12 ሰዓት ሲል እኛ ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው።

እንዴት እንደተጀመረ ልንገርህ፣ ላንተ የተጻፈ ነው የሚመስለው። በ1935 እ.ኤ.አ. ቢል የሚባል የአክሲዮን ደላላ ለሥራ ወደ አክሮን፣ ኦሃዮ ይሄዳል። ሥራው አልተሳካም። ሆቴሉ ውስጥ ቆሞ የመጠጥ ቤቱ ድምፅ እየጠራው፣ የአብያተ ክርስቲያናት ስልክ እየደወለ «የሚያናግረኝ ሌላ ጠጪ ፈልጉልኝ» አለ። ያገናኙት ከዶክተር ቦብ ጋር ነው፤ ቀዶ ጥገና ሐኪም፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ! መጨረሻ የጠጣው ሰኔ ላይ ነው፤ ለቀዶ ጥገና ሲሄድ እጁ እንዲረጋ ብሎ ቢራ የሰጠው ራሱ ቢል እንደነበር ይተረካል። (ነርሷ እንዳትቆጪኝ፣ አድርጉ አላልኩም።) እና ሁለት ሰው ነበሩ። ደሴ ላይ ስብሰባ ባይኖር፣ ሁለት ሰው ከተገኘ አለ ማለት ነው።

እማማ ወልዲያ፦
ልጄ፣ እናትህንም አስባት። የጠጪ ቤተሰብም የራሱ ስብሰባ አለው፣ አል-አኖን ይባላል፤ ልጄ ከውጭ በስልክ አስገባችኝ። ባሌ ዛሬም ይጠጣል፤ እኔ ግን ጠርሙስ መደበቅና መሬት ላይ ማፍሰስ ትቻለሁ። እንቅልፍ አግኝቻለሁ።

ኮምቦልቻ ነኝ፦
አናጢው፣ እኔም እንዳንተው ነኝ። ሾፌር ነኝ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

አናጢው፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የአምባሰሉ ወንድሜ፣ አልተቀየምኩም። ነርሷ እህቴ፣ እሺ፣ ሐኪም ቤቱ ይቀድማል፤ ረዳቴን ይዤ እሄዳለሁ፣ ብቻዬን ከወጣሁ መንገድ ላይ አረቄ ቤት አለ። ከድር፣ ሊንኩን ላክልኝ፤ እንግሊዝኛዬ የመጋዝ ማሽን መመሪያ ከማንበብ አያልፍም፣ ቢሆንም እሰማለሁ።

ኮምቦልቻው፣ ጽፌልሃለሁ። መገናኛችን ብቻ ቢራ የማይሸጥበት ቤት ይሁን። ኮምቦልቻ መናኸሪያ አካባቢ ቡናና ሻይ ብቻ የሚሸጥ፣ ጥግ ላይ መቀመጫ ያለው ቤት የሚያውቅ አለ?