ሹሩባዬን ስፈታ ጫፉ ተበልቶ አገኘዋለሁ፤ የት ላይ ነው የምሳሳተው?

ጥያቄ፦
እህቶቼ እንደምን ናችሁ? ፀጉሬ ከርዳዳ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ካስክም ፔስትራም አልነካውም። ሹሩባ እሠራለሁ፣ ሦስት ሳምንት አቆየዋለሁ፣ እፈታለሁ። ግን ከትከሻዬ አልፎ አያውቅም! ባለፈው ቅዳሜ ስፈታ ጭኔ ላይ ነጭ ፎጣ አነጠፍኩ። የረገፈው አብዛኛው አጭር አጭር ቁራጭ ነው፤ የጣት አንጓ አያህልም። የሹሩባውን ጫፍ በትንንሽ ላስቲክ ነው የማስረው። ማታ የጥጥ ሻሽ አደርጋለሁ። ቢሮአችን ስለሚበርድ ሹራብ ከላዬ አይወርድም።

መልስ፦
የኔ እህት፣ ፀጉር መሥራት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። አይዞሽ፣ ፀጉርሽ እያደገ ነው። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ስለዚህ ትከሻሽ ላይ ያለው ጫፍ ከሁለት ዓመት በላይ የኖረ ነው። ስንቴ ታጥቧል፣ ስንቴ ተበጥሯል! ከሥር ያደገውን ያህል ከጫፍ ከተሰበረ ባለበት ይቆማል።

ላስቲኩን ዛሬውኑ ጣይው። ስንት ደንበኛዬ ላይ አይቻለሁ፤ ላስቲኩ ሲወጣ ፀጉሩም ተጠምጥሞበት አብሮ ይመጣል። እኔ ሦስት ጣት ያህል ሲቀረኝ ጉንጉኑን አቆማለሁ። የቀረውን ለሁለት ከፍዬ እንደ ገመድ እገምደዋለሁ። ከዚያ በውሃ እርጥብ አድርጌ ለጋ ቅቤ በጣቴ ጫፍ እቀባውና ጣቴ ላይ እጠቀልለዋለሁ። ከርዳዳ ፀጉር ያለ ማሰሪያ ተጠቅልሎ ይይዛል። ውሃው ይቅደም። ቅቤ ብቻውን ደረቅ ፀጉር አያረጥብም፤ የገባው ውሃ ቶሎ እንዳይወጣ ነው የሚይዘው።

ሹራቡ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጫፍሽን ይፍቀዋል። ቢሮ ስትገቢ ሹሩባውን ማጅራትሽ ላይ ሰብስቢው፣ ጫፎቹን ወደ ውስጥ እጠፊያቸው። ግን አጥብቀሽ አትሰሪው፤ ግንባርሽ አካባቢ ያለው ፀጉር ይሳሳል።

ሌላ መልስ፦
በቅቤው አልስማማም፤ ቢሮ ለምትውል ሰው ሽታው ከባድ ነው። እኔ የጉሎ ዘይት ነው የምቀባው፣ ሁለት ጠብታ ይበቃል። የጥጥ ሻሹን ግን ተዪው። ጥጥ ቅባቱን ይመጥብሻል፣ ፀጉሩንም ይፍቃል። ለገበር የሚሆን ሳቲን ገዝተሽ ለልብስ ሰፊ ስጪ፤ ከአንድ ሜትር የትራስ ልብስም ሻሽም ይወጣል። እኔ እንደዛ ነው ያሠራሁት።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አሁን የሹራቤን ኮሌታ ገልብጬ አየሁት፤ ቁርጥራጭ ፀጉር ሞልቶበታል። ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀውስ በቅባት ይመለሳል?

መልስ፦
አይመለስም፣ የኔ ቆንጆ። የተሰነጠቀ ጫፍ አይገጥምም፤ ከተተወ ወደ ላይ እየተሰነጠቀ ይሄዳል። ከስንጥቁ ትንሽ ከፍ አድርገሽ ስል በሆነ መቀስ ቁረጪው። የወረቀት መቀስ አይሆንም። የምትቆርጪው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፣ አትሳሺለት። በሚቀጥለው ስትፈቺ፣ ገና ሳትታጠቢ፣ መጀመሪያ በጣትሽ አፍታቺው። ከዚያ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ላይ አበጥሪ።