ክረምት ሲገባ እንዲህ የምሆነው እኔ ብቻ ነኝ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እስቲ የሚያውቅ ካለ ምከሩኝ። ታርማበር ላይ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ አገሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ ሀምሌ ከገባ ጭጋጉ አይገለጥም፣ እኩለ ቀን ላይ መኪናው ሁሉ መብራት አብርቶ ነው የሚያልፈው። እኔም አብሬ ጨለምኩ መሰለኝ። 10 ሰአት ሙሉ ተኝቼ ስነሳ ድክም ይለኛል፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠራኝ ራሱ ከጋቢው መውጣት ያስጠላኛል፣ የሚያምረኝ ዳቦና ድንች ብቻ ነው። አምናም ካቻምናም እንደዚሁ ነበርኩ፣ መስከረም ጠብቶ ፀሀይ ስትወጣ ደሞ ምንም እንዳልነበረ ሰው እሆናለሁ።

እናቴ ብርድ ነው የመታህ ብላ ፌጦ በሎሚ አጠጣችኝ፣ ጠበልም ሄጃለሁ (ውሃው አጥንት ይሰብራል)። ጓደኞቼ አረቄ ይላሉ፣ እሱ ማታ ያሞቃል ጠዋት ግን የባሰ ነው። ስዊድን ያለችው እህቴ ደግሞ እዚህ የክረምት ድብርት የታወቀ ህመም ነው፣ ጠዋት ጠዋት 30 ደቂቃ 10,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚሆን ደማቅ መብራት ፊት ይቀመጡለታል አለችኝ። እኛ ጋ መብራቱ ራሱ መች ይቆያል!

ግን የኛ ቀን እንደነሱ አያጥርም እኮ፣ ደመናና ጭጋግ ብቻውን እንዲህ ያደርጋል? ደብረ ብርሃን ወርጄ የአእምሮ ሀኪም ልይ ወይስ መስከረምን ልጠብቅ? የደረሰበት ካለ እባካችሁ