ውድድር ሲመጣ ከተማችሁን በሌላ ዓይን ታያላችሁ?

የፒያሳ ልጅ፦ ሆጤ ሜዳ በር ላይ አንድ እንግዳ ደጋፊ «ይሄ ተራራ ማን ይባላል?» አለኝ። ጦሳን ቀና ብዬ አየሁት፤ ዕድሜ ልኬን ከሥሩ ኖሬ እንደዚያ ቀን አምሮብኝ አያውቅም። ደሴዬን ኮራሁባት። እናንተስ?

ቦርከና፦ ልክ ነህ ወንድሜ። ኮምቦልቻ ስትባል ሰው ፋብሪካ ነው የሚያስበው። ጨዋታ ሲኖር ግን የደሴ ልጅ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ይመጣል፣ ሻይ ቤቱ ይሞላል፣ ከተማዋ የኛ የኛ ትላለች።

እናት ደሴ፦ ኩራቱ ደስ ይላል። ግን ለእንግዳ ተብሎ የተጠረገው መንገድ በሳምንቱ ሲቆሽሽ ያመኛል። ልጄ «ለእኛስ አይጠረግም?» ስትለኝ መልስ አጣሁ።

የፒያሳ ልጅ፦ እውነትሽን ነው እህቴ።

ቦርከና፦ ድሬዳዋ በ1968 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ጋር የአፍሪካ ዋንጫን አስተናግዳለች። አባቴ እዚያ ነበር፤ እስካሁን ከጎሉ በላይ የሚያወራው ስለ ድሬ ሰው ነው።